የማሳ ቃጠሎ፣ የከተማ ጭስና ሳተላይት፦ ከሰሜን ሸዋ ተደጋግመው የሚነሱ ጥያቄዎች

ከደብረ ብርሃን፣ ከሸዋ ሮቢት፣ ከእነዋሪና ከአረርቲ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው፤ ከቀላሉ ጀምረን ወደ ከባዱ እንሄዳለን። ዓመተ ምሕረት ያልተባሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ሳተላይት ጭስ የሚያየው እንዴት ነው?

በሦስት መንገድ። አንደኛው ሙቀቱን ማየት ነው። የሚነድ ነገር በዓይናችን የማናየው ጨረር ያወጣል። ሳተላይቱ ላይ ያለው መሣሪያ ይህን ጨረር በዙሪያው ካለው መሬት ጋር ያስተያይና «እዚህ እሳት አለ» ይላል። ሁለተኛው ጭሱን ራሱን ማየት ነው። የፀሐይ ብርሃን መሬት ነክቶ ወደ ላይ ሲመለስ መንገዱ ላይ ጭስ ካገኘ ከፊሉ ይበተናል፣ ከፊሉ ይዋጣል። ብርሃኑ ምን ያህል እንደተለወጠ ሲለካ አየሩ ውስጥ ያለው ብናኝ ይገመታል። ሦስተኛው ጋዝ መለየት ነው። እያንዳንዱ ጋዝ የሚውጠው የራሱ የብርሃን ዓይነት አለው፤ ከቃጠሎ የሚወጡት ካርቦን ሞኖክሳይድና ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድም የሚታወቁት በዚሁ ነው።

ሦስቱ የሚመልሱት ጥያቄ ለየቅል ነው። የት ነደደ? ጭሱ የት ደረሰ? ጭሱ ውስጥ ምን አለ? ብዙ ሰው ሦስቱን ይቀላቅልና ካርታ ላይ ቀይ ነጥብ ባየበት ሁሉ አየሩ ተበክሏል ብሎ ይደመድማል። እሳቱ አንድ ቦታ፣ የተበላሸው አየር ሌላ ቦታ ሊሆን ይችላል።

የትኞቹ ሳተላይቶች ናቸው? የኢትዮጵያ ሳተላይትስ?

ለእሳት በብዛት የሚያገለግሉት ሞዲስና ቪርስ የሚባሉት መሣሪያዎች ናቸው። ሞዲስ በ1999 እና በ2002 በተመጠቁ ሁለት የናሳ ሳተላይቶች ላይ ነው ያለው። ቪርስ ደግሞ በ2011፣ በ2017 እና በ2022 በተመጠቁ ሦስት ሳተላይቶች ላይ ተጭኗል፤ ከሞዲስ ይልቅ ትንንሽ እሳት ያያል። ለጋዝ የአውሮፓው ሴንቲነል-5ፒ አለ። በጥቅምት 2017 ነው የተመጠቀው፣ ትሮፖሚ የሚባል መሣሪያ ይዟል። የተቃጠለ ማሳን ጠባሳ ለማየት ሴንቲነል-2 እና ላንድሳት ይሻላሉ።

የእኛዋ ኢቲአርኤስኤስ-1 በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ከቻይና የተመጠቀች ናት። የተሠራችው የመሬት ፎቶ ለማንሳት ነው፤ ለግብርና፣ ለደንና ለውኃ ሥራ። የአየር ጋዝ የሚለካ መሣሪያ የላትም።

ዳታውን ለማየት መክፈል አለብኝ?

ምንም። ፈርምስ የሚባለው የናሳ ካርታ፣ ወርልድቪውና ኮፐርኒከስ ብራውዘር በስልክም ይከፈታሉ። የእሳት ነጥቦቹ አብዛኛውን ጊዜ ሳተላይቱ ካለፈ በሦስት ሰዓት ውስጥ ካርታው ላይ ይወጣሉ። ፋይል ለማውረድ ግን ነፃ አካውንት መክፈት ያስፈልጋል።

ብዙዎችን የሚያሳስተው ሰዓቱ ነው። ካርታው የሚያሳየው የዓለም አቀፉን ሰዓት ነው። ወደ እኛ አቆጣጠር ለመቀየር ሦስት መቀነስ ብቻ ይበቃል። 10:40 ካለ ሦስት ቀንሱ፣ ከቀኑ 7:40 ነው። 22:40 ካለ ሦስት ቀንሳችሁ 19:40 ይመጣል፤ ከዚያ ላይ 12 ስታነሱ ከሌሊቱ 7:40 ይሆናል። በፈረንጁ አቆጣጠር ግን ቀኑ እኩለ ሌሊት ላይ ስለሚቀየር፣ እዚህ የሚቀጥለው ቀን ሆኗል። ቀን ከሰው ምስክርነት ጋር ስታመሳክሩ ይህችን አትርሱ።

ካርታው ላይ ያለችው ቀይ ነጥብ በትክክል ምን ማለት ናት?

እሳቱ የነደደበትን ትክክለኛ ቦታ አታሳይም። የአንድ ፒክሰል፣ ማለትም ምስሉ የተሠራበት ትንሽ አራት ማዕዘን፣ መሐል ናት። የቪርስ ፒክሰል በየጎኑ 375 ሜትር ነው። ይህ ማለት 14 ሄክታር፣ ጥማድን ሩብ ሄክታር ብንል 56 ጥማድ ገደማ። እሳቱ በዚያ ውስጥ የትም ሊሆን ይችላል። የሞዲስ ደግሞ በየጎኑ አንድ ኪሎ ሜትር ስለሆነ 400 ጥማድ ይሸፍናል። ፒክሰሉ ከሳተላይቱ መሐል መስመር ሲርቅ ደግሞ የበለጠ ይሰፋል።

ነጥብ ሁሉ ማሳ አይደለም። የፋብሪካ ምድጃም እንደ እሳት ሊመዘገብ ይችላል። አንድ ነጥብ በየሳምንቱ እዚያው ቦታ ከተመለሰች፣ ክረምትም በጋም ካልጠፋች፣ የገበሬ እሳት የመሆን ዕድሏ ትንሽ ነው። እያንዳንዷ ነጥብ የእርግጠኝነት ደረጃ ስላላት እሱን ተጭናችሁ አንብቡ። ከጎኑ በሜጋዋት የተጻፈው ቁጥር የእሳቱን ጉልበት ይናገራል። ከዚያ ተነስቶ ስንት ኪሎ ነገር እንደነደደ መገመት ይቻላል፤ በሙከራ የተገኘው ስሌት ለአንድ ሜጋጁል የጨረር ጉልበት 0.37 ኪሎ ግራም ገደማ ዕፅዋት ይላል።

ሰፈራችን ማሳ ሲቃጠል በዓይናችን አይተናል፤ ካርታው ላይ ግን የለም። ለምን?

ይህ ጥያቄ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ከቆላው በኩል ነው፣ ከቀወትና ከኤፍራታና ግድም ወረዳዎች። መልሱ በአብዛኛው ሰዓት ነው። የቪርስ ሳተላይቶች ከእኛ በላይ የሚያልፉት ቀን 7:30 ገደማና ሌሊት 7:30 ገደማ ነው። ደረቅ ገለባ ፈጥኖ ነድዶ ፈጥኖ ያልቃል። ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ የተለኮሰ ማሳ ሌሊት ሳተላይቱ ሲመጣ ቀዝቅዟል። ደመናም ይጋርዳል።

ሌላው መጠን ነው። የእኛ ማሳ ትንንሽ ነው፣ የተቆራረጠ ነው። በ2016 የነበረውን ቃጠሎ ይዞ ከሰሃራ በታች ያለውን አፍሪካ በሴንቲነል-2 የመረመረ ጥናት፣ የተቃጠለው መሬት ሞዲስ ከቆጠረው በ80 በመቶ ገደማ በልጦ አግኝቶታል። ልዩነቱ በአብዛኛው የመጣው ከትንንሽ እሳቶች ነው። ስለዚህ ፈርምስ ላይ ነጥብ አለመኖሩ እሳት አለመኖሩን አያረጋግጥም። እኔ ይህን ዓረፍተ ነገር በየሪፖርቱ መግቢያ ላይ ባየው ደስ ይለኛል፤ ሰሜን ሸዋን በሚመለከት ከሁሉ በላይ የሚረሳው ይሄ ነውና።

ቦታውን ሳይለቅ በየ15 ደቂቃው አፍሪካን የሚያነሳ ሜቴኦሳት የሚባል ሳተላይትም አለ። ሰዓቱን አያመልጠውም። ፒክሰሉ ግን በኪሎ ሜትሮች የሚለካ ስለሆነ ትንሿን እሳት ያልፋታል።

እሳቱ ከጠፋ በኋላስ የተቃጠለ ማሳ ይታያል?

ይታያል፤ ለእኛ አገር ከሁሉ የሚጠቅመው መንገድም ይሄ ይመስለኛል። ሴንቲነል-2 በ10 ሜትር ፒክሰል በየአምስት ቀኑ ይመጣል። አንድ ጥማድ 25 ፒክሰል ይሆናል ማለት ነው፤ ቅርጹን እስከ ድንበሩ ለመለየት ይበቃል። ጠባሳው የሚለየው በሁለት የማይታዩ የብርሃን ዓይነቶች ነው። አንደኛው ከቀይ ቀጥሎ ያለው ነው፣ ቃጠሎ ሲያገኘው ይቀንሳል። ሁለተኛው ከእሱ ራቅ ያለው ነው፣ መሬቱ ሲደርቅና ሲጋለጥ ይጨምራል። ከቃጠሎው በፊትና በኋላ ያለው ልዩነት ይሰላል። ይህኛው ሁለተኛው ብርሃን ፒክሰሉ 20 ሜትር መሆኑን ግን ልብ በሉ።

እዚህ ላይ ሞረትና ጅሩ ወረዳን የሚያጠና ሰው መጠንቀቅ አለበት። የእነዋሪ ዙሪያ አፈር ጥቁር ነው፣ መረሬ። ስንዴው ታጭዶ ማሳው ሲታረስ ትናንት ቢጫ የነበረው መሬት ዛሬ ጥቁር ይሆናል። ሳተላይቱ ይህን ከቃጠሎ ጠባሳ ጋር ሊያምታታው ይችላል። ዝናብ ጠብ ካለ በኋላ ደግሞ ይብስበታል። መፍትሔው ሦስት ነገር ማየት ነው። ጥቁረቱ በማሳው ድንበር ላይ ቀጥ ብሎ ከቆመ እርሻ ሊሆን ይችላል፤ እሳት ብዙ ጊዜ ጠርዙን ያዛንፋል። ጥቁረቱ በሁለት ሳምንት ውስጥ እየነጣ ከሄደ አመድ ነበር ማለት ይሆናል፣ ነፋስ ይወስደዋልና። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ወርዶ ገበሬውን መጠየቅ ነው። «ይህን ማሳ መቼ አረሱት?» ብሎ መጠየቅ አንድ ሳምንት ሙሉ ኮምፒዩተር ላይ ከመቀመጥ ያድናል።

ለመሆኑ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ገለባ የሚያቃጥል አለ እንዴ?

ጥሩ ጥያቄ ነው። በደጋው ገለባ ሀብት ነው። የጤፍ ጭድ ለከብት መኖ ነው፣ ለቤት ምርጊት ጭቃ ነው፣ ገበያ ወጥቶ የሚሸጥ ነው። የገብስና የስንዴ ገለባም ተከምሮ በበጋው ለከብት ይሰጣል። አጨዳው ካለፈ በኋላ ማሳ ላይ የቀረውን ደግሞ ከብትና በግ ገብተው ይግጡታል። በቆላው የማሽላ አገዳ መኖ፣ ማገዶና አጥር ነው። እንዲህ ያለ አገር ላይ ገለባ በጅምላ አይነድም።

የሚነደው ሌላ ነው። መሬት ሲዘጋጅ የተሰበሰበ አራሙቻ፣ የተመነጠረ ቁጥቋጦ፣ የማሳ ዳር ሣር፣ ለከብት የማይሆን ትርፍራፊ። በደጋው ለገብስ ተብሎ አፈር ከኩበትና ከሣር ጋር ተከምሮ ውስጥ ለውስጥ የሚቃጠልበት የቆየ ልማድም አለ። ይህ እሳት ነበልባል የለውም። ለብዙ ቀን ይጨሳል። ሙቀቱ ዝቅተኛ ስለሆነ ሳተላይቱ በደንብ አይዘውም፤ ለሳንባ ግን ውስጥ ለውስጥ የሚጨስ እሳት ከሚንቦገቦግ እሳት ይልቅ ከባድ ነው፣ ሳይነድ የሚወጣው ብናኝ ብዙ ስለሆነ። ኮምባይነር በገባባቸው የስንዴ ቦታዎች ደግሞ ማሳ ላይ የሚቀረው ግንድ ረዘም ይላል። ያ መጠን በየዓመቱ መከታተል ያለበት ነገር ነው።

ታዲያ በህንድ የማሳ ቃጠሎ የዴልሂን አየር ያበላሻል የሚባለው ለእኛ አይሠራም?

ዘዴው ይሠራል፤ ድምዳሜውን ግን ገልብጦ ማምጣት አይቻልም። በዴልሂ አቅራቢያ ባሉት የፑንጃብና የሃርያና ግዛቶች ሩዝ በኮምባይነር ይታጨዳል። የሚቀረው ገለባ ሲሊካ ስለሚበዛበት ለከብት ጥሩ መኖ አይደለም። ስንዴ ለመዝራት ያለው ጊዜ ደግሞ ጠባብ ነው። በ2009 የከርሰ ምድር ውኃ ለመቆጠብ የወጣው ሕግ የሩዝ ተከላን አዘገየ፤ አጨዳውም ወደ ጥቅምት መጨረሻና ኅዳር ተገፋ። ያ ወቅት ነፋሱ የሚደክምበት፣ አየሩ የሚቀዘቅዝበት ነው። ጭሱ ዴልሂ ላይ ተኝቶ ይከርማል።

ከዚህ ውስጥ እኛ ጋ የሚገናኘው አንድ ነገር ነው፤ የወቅቱ ጉዳይ። የእኛም አጨዳ የሚውለው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። ያኔ ሰማዩ ይጠራል፣ ሌሊቱ ውርጭ ይሆናል፣ የጠዋቱ አየር አይንቀሳቀስም። መኖው፣ የማሳው ስፋትና የከብቱ ብዛት ግን ፍጹም ሌላ ነው።

ደብረ ብርሃን ላይ በበጋ ጠዋት ጠዋት የሚተኛው ጭስ ከማሳ የመጣ ነው?

በአብዛኛው አይመስለኝም። ምክንያቴን ልናገር።

ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ላይ ናት። በበጋ ሌሊት ሰማዩ ስለሚጠራ መሬቱ ሙቀቱን ፈጥኖ ያጣል። መሬት ላይ ያለው አየር ከበላዩ ካለው ይበልጥ ይቀዘቅዛል። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ወደ ላይ አይነሳም። በዚያ ሰዓት ከተማው ውስጥ የወጣ ጭስ ሁሉ እዚያው ይቀራል። ማን ያጨሳል? ኩበት የሚያነድ ቤት ሁሉ። ቅጠል ለቅሞ እንጀራ የሚጋግር ሁሉ። በደሴ መንገድ ጭነት ይዞ ዳገት የሚወጣው ከባድ መኪና። ፋብሪካዎቹም አሉ። ከጠዋቱ 12 እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ መንገድ ላይ የወጣ ሰው የጭሱን ሽታ ያውቀዋል፤ የኩበት ሽታ ነው።

የቪርስ ሳተላይቶች የሚያልፉት ቀን 7:30 ገደማ ነው። እስከዚያ ፀሐይ መሬቱን አሙቃ አየሩን አናውጣዋለች፣ ጭሱም ወደ ላይ ተነስቶ ተበትኗል። ስለዚህ የሳተላይት ምስሉ ንጹሕ ከተማ ያሳያል፤ ልጆች ትምህርት ቤት ሲሄዱ የተነፈሱት አየር ግን ንጹሕ አልነበረም። ለጤና ብለን የምናጠና ከሆነ ይህ ክፍተት ሊያሳስበን ይገባል። መሬት ላይ ሴንሰር ሳይተከል የደብረ ብርሃንን አየር በሳተላይት ብቻ ጥሩ ነው ብሎ መጻፍ አይገባም።

ከቆላው ወይም ከምዕራብ ኢትዮጵያ የተነሳ ጭስ እኛ ጋ ይደርሳል?

ከቆላው ሊደርስ ይችላል። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ደብረ ብርሃን ደግሞ ከእሷ 1,500 ሜትር ከፍ ብላለች። በቀጥታ መስመር መካከላቸው ያለው ከ50 ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ቀን ገደሉ በፀሐይ ሲሞቅ ነፋስ ከታች ወደ ጣርማ በር በኩል ይወጣል። በበጋ ወራት ጠቅላላው ነፋስም በአብዛኛው ከምሥራቅና ከሰሜን ምሥራቅ ነው።

በጋምቤላና በቤኒሻንጉል ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ሰፋፊ ቃጠሎ አለ፣ ካርታው ቀይ በቀይ ይሆናል። ያንን አይቶ የሚደነግጥ ሰው ብዙ ነው። ነፋሱ ግን በዚያ ወቅት ባመዛኙ ጭሱን ከእኛ አርቆ ወደ ሱዳኖቹ በኩል ነው የሚገፋው። እያንዳንዱን ቀን ለማረጋገጥ ሃይስፕሊት የሚባል የአሜሪካኖች ነፃ ስሌት አለ። ቦታና ሰዓት ስትሰጡት አየሩ ባለፉት ቀናት በየት በየት አልፎ እንደመጣ መስመር ያሰምርላችኋል። ገደላ ገደል ባለበት አገር መስመሩ ሊስት እንደሚችል ግን አትዘንጉ። የጣርማ በርን ግድግዳ የሚያክል ነገር የአየር ጠባይ ስሌቶች አለስልሰው ነው የሚያዩት።

ሳተላይት ፒኤም 2.5 ይለካል?

በቀጥታ አይለካም። ፒኤም 2.5 የሚባለው ስፋቱ ከ2.5 ማይክሮን የማይበልጥ፣ ሳንባ ጥግ ድረስ የሚገባ ብናኝ ነው። ሳተላይቱ የሚሰጠው ከመሬት እስከ ሰማይ ጫፍ ያለው ብናኝ በአንድ ላይ ምን ያህል ብርሃን እንደሚጋርድ የሚናገር ቁጥር ነው። ንጹሕ ቀን 0.1 ወይም ከዚያ በታች ይሆናል፣ ከባድ ጭስ ያለበት ቀን 1 ይጠጋል ወይም ያልፋል። ይህን ቁጥር በአፍንጫችን ከፍታ ወዳለው ብናኝ ለመለወጥ ጭሱ ስንት ሜትር ላይ እንዳለ፣ አየሩ ምን ያህል እርጥበት እንዳለው፣ ብናኙ ምን ዓይነት እንደሆነ መታወቅ አለበት። ጭሱ ከፍ ብሎ ካለፈ ሳተላይቱ ብዙ ያሳያል፣ ከታች ያለው ሰው ግን ምንም አይሸተውም።

ማወዳደሪያው የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ያወጣው ወሰን ነው፤ የዓመት አማካይ በሜትር ኩብ 5 ማይክሮግራም፣ የ24 ሰዓት 15። ከዚህ ጋር የሚወዳደረው መሬት ላይ የተለካ ቁጥር ነው። የሳተላይቱን 0.3 ከ15 ጋር አስተያይቶ «ከወሰን በታች ነው» ማለት ትርጉም የለውም፤ መለኪያቸው አንድ አይደለም።

ጭስን ከአቧራና ከጉም እንዴት እለያለሁ?

አቧራ ከአፋር በኩል ይመጣል፣ ከተቆፈረ መንገድም ይነሳል። የአቧራ ቅንጣት ትልቅ ነው፣ የጭስ ትንሽ ነው። ብርሃኑን የሚበትኑትም በተለያየ መንገድ ስለሆነ፣ የቅንጣቱን መጠን የሚያመለክት ቁጥር ከዳታው ጋር ይመጣል። ትሮፖሚ በአልትራቫዮሌት ብርሃን የሚያወጣው የብናኝ ቁጥር ደመና ላይ ያለ ጭስን እንኳ ያሳያል፤ ሆኖም ጭስና አቧራ ሁለቱም ከፍ ያደርጉታል፣ በእሱ ብቻ አይለዩም። ካርቦን ሞኖክሳይድ አብሮ ከጨመረ ቃጠሎ ነው። አቧራ ካርቦን ሞኖክሳይድ የለውም።

ጉሙ ያስቸግራል። ደብረ ሲናና ጣርማ በር ላይ ጉም ሲወርድ አብዛኛው ስሌት ደመና ብሎ ይጥለዋል፤ ዳታው ባዶ ይሆናል። ባዶ ማለት ንጹሕ ማለት አይደለም። አማካይ ስታወጡ ስንት ቀን ባዶ እንደነበር አብራችሁ ጻፉ።

የገለባን ጭስ ከኩበት ጭስ የሚለይ ሳተላይት አለ?

የለም። ሁለቱም የተቃጠለ ዕፅዋት ናቸው፤ አንዱ በከብት ሆድ አልፎ መጣ እንጂ። ማጣሪያ ላይ ብናኝ ሰብስቦ ላቦራቶሪ የሚያስገባ ሰው ሌቮግሉኮሳን የሚባል ንጥረ ነገር ይፈልጋል። የተክል ህዋስ ግድግዳ ሲነድ የሚፈጠር ነው። እሱም ቢሆን ዕፅዋት መቃጠሉን እንጂ ገለባ ይሁን ኩበት ለብቻው አይናገርም።

መለየት የሚቻለው በጊዜ ነው። ኩበት ዓመቱን ሙሉ፣ በየቀኑ፣ ጠዋትና ማታ ይነዳል። የማሳ እሳት ወቅት አለው። አንድ ሴንሰር ዓመት ሙሉ ከተተከለ፣ በየቀኑ የሚደጋገመው የጠዋትና የማታ ከፍታ የቤት ነው ብሎ መጠርጠር ይቻላል። በጥቂት ሳምንታት ብቻ፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ነፋሱ ከማሳ በኩል ሲሆን የሚመጣው ጭማሪ ደግሞ የማሳ እሳት ሊሆን ይችላል።

የመመረቂያ ጽሑፍ ልሠራበት ነው። ከየት ልጀምር?

ጥያቄውን አጥብበው። «በሰሜን ሸዋ የሰብል ቃጠሎ በአየር ብክለት ላይ ያለው ተጽዕኖ» የሚለው ርዕስ ለአምስት ዶክትሬት ይበቃል። «ከጥቅምት እስከ ጥር ሸዋ ሮቢት ዙሪያ የታየው እሳት በከተማዋ የተለካውን ብናኝ ምን ያህል ይገልጻል?» ብትል ትጨርሰዋለህ።

ከዚያ የቪርስን የአምስት ወይም የስድስት ዓመት ነጥቦች አውርድና በወር ቁጠራቸው። ወራቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር አድርጋቸው፤ የግብርናው ሥራ የሚሄደው በእሱ ነው፣ በፈረንጅ ወር ስትቆርጠው አጨዳው ለሁለት ይከፈልብሃል። በየቦታው የሚደጋገሙትን የፋብሪካ ነጥቦች አውጣ። የቀሩትን በሴንቲነል-2 ጠባሳ አመሳክር። አዲስ የቪርስ ሳተላይት ሥራ የጀመረበትን ዓመትም ምልክት አድርግ፤ ተመልካች ሲጨመር ነጥብ ይጨምራል፣ እሳቱ ባይጨምርም።

ሴንሰር ማግኘት ከቻልክ ርካሹም ይሠራል፣ ግን በጥንቃቄ። እነዚህ መሣሪያዎች ቅንጣቱን በብርሃን ስለሚቆጥሩ በእርጥብ ጠዋት ያበጠውን ቅንጣት አብዝተው ይናገራሉ። እርጥበቱን አብረህ መዝግብ። በተቻለ መጠን ከደረጃውን የጠበቀ መለኪያ ጎን ለጥቂት ሳምንት አስቀምጠህ ንባቡን አርም። መሣሪያውን ከምድጃ ቤት ጭስ ማውጫ አጠገብ አትስቀለው፤ የጎረቤትን ቡና ነው የምትለካው። ጋዞቹን ስታነብ ደግሞ ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ በሰዓታት ውስጥ ስለሚጠፋ ምንጩ አጠገብ ይታያል፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ሳምንታት ስለሚቆይ ከሩቅ የመጣም ሊሆን ይችላል። የትሮፖሚ ፒክሰል ለናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ በ5.5 ኪሎ ሜትር ርዝመትና በ3.5 ኪሎ ሜትር ስፋት ነው። ሸዋ ሮቢትን የምትሸፍንልህ በጣት የሚቆጠሩ ፒክሰሎች ናቸው፤ የአንድ ቀን ምስል ይዘህ አትደምድም፣ የወቅቱን ሙሉ አማካይ አውጣ።

ሳተላይቱ ገበሬን ለመቅጣት ይውላል?

በህንድ ለቁጥጥር ውሏል። ውጤቱም ትምህርት አለው። በ2024 በየ10 ደቂቃው ምስል የሚያነሳውን የደቡብ ኮሪያ ሳተላይት ዳታ የተመለከቱ ተመራማሪዎች፣ በሰሜን ምዕራብ ህንድ ማሳ የሚለኮስበት ሰዓት ወደ አመሻሹ መሸሹን አዩ። የናሳ ሳተላይቶች ካለፉ በኋላ ማለት ነው። የነጥቡ ቁጥር ቀነሰ፣ ጭሱ ግን በዚያው ልክ አልቀነሰም።

በእኛ አገር ደግሞ ለዚህ ሥራ የማይሆንበት ቀላል ምክንያት አለ። አንዲት የቪርስ ነጥብ 56 ጥማድ ላይ ታርፋለች። በሰሜን ሸዋ በዚያ ስፋት ውስጥ የብዙ አባወራና እማወራ ማሳ ይገኛል። እሳቱ የማን እንደሆነ ነጥቧ አትናገርም። የግብርና ባለሙያው ሊጠቀምባት የሚችለው ለሌላ ነው፦ የትኛው ቀበሌ መኖ የሚሆን ነገር እያቃጠለ እንደሆነ አይቶ፣ ለምን እንደሚያቃጥል ሄዶ ለመጠየቅ፣ መኖ ከሚቸግራቸው የመንዝ ቀበሌዎች ጋርም ለማገናኘት።